ጣፋጭ እንዳይሸጥላቸው

ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከላይ የአባቴ ጉርድ ፎቶግራፍ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ እንዲህ የሚል ጽሑፍ፦ «እኚህ አባት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ቢለምኑም፣ ቢቆጡም፣ ቢያለቅሱም ጣፋጭ እንዳይሸጥላቸው። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ልጃቸው።» «ቢያለቅሱም» የምትለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መልሻታለሁ። በመጨረሻ ሳትሰረዝ ቀረች።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጭነት መኪና ለዳቦ ቤቶች ዱቄት ሲያደርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ትልቅ ከተማ በመንገድ ስም አያውቁትም፤ የሚያውቁት በምድጃዎቹ ነው። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጎናቸው አስቀምጠው ያዞሩኝ ነበር፤ እየነዱም «ከጠባቧ በር እስከ ሳቂታዋ ስንት የትራፊክ መብራት አለ?» እያሉ ይፈትኑኛል። ጠባቧ በር የሰፈራችን ዳቦ ቤት ናት። ከእሷ ቀጥሎ ሳቂታዋ፣ ከዚያ መስታወቱ ቤት፣ ከዚያ ብስኩት ቤቱ፣ ከዚያ መንትዮቹ፤ የመስመሩ መጨረሻ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ያለው አሮጌው ምድጃ ነው። በስድስቱም ቤት ስማቸው «አባ ዱቄት» ነበር፤ ሽበት ሳያወጡ ሽበታም የሚመስሉ ሰው።

እናታችንን መጀመሪያ እግሯን፣ ኋላም ነፍሷን የወሰደብን ስኳር ነው። ያው ሕመም በአባቴ ላይ ሲገኝ እጅግ ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም ጥንቃቄ ብዬ ሰየምኩት። ምግቡ ሁሉ የሚቀመጥበትን የኩሽናውን ቁምሳጥን ቆልፌ ቁልፉን በኪሴ መያዝ ጀመርኩ። አንድ ቀን የካፖርታቸው ኪስ በክሬም ብስኩት ተሞልቶ ባገኘሁ ጊዜ ደግሞ ወረቀቱን አባዝቼ በቀድሞ መስመራቸው ላይ ማደል ያዝኩ። አሮጌውን ምድጃ ብቻ ተውኩት። በእግራቸው ከድልድይ ማዶ ይደርሳሉ ብዬ አላሰብኩም።

የቤታችን ሥርዓት የታወቀ ነበር። ታናሽ እህቴ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኢንሱሊናቸውን ወግታቸው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ እኔ በአጥር ከሚዋሰነው ቤቴ መጥቼ ቁምሳጥኑን እከፍትና ቁርሳቸውን አቀርባለሁ። መርፌው ስኳሩን ስለሚያወርድ በመርፌውና በቁርሱ መካከል ግማሽ ሰዓት አያልፍም። ሐኪሙ «ስኳር ሲበዛ ቀስ ብሎ ይጎዳል፤ ሲወርድ ግን ቀጠሮ አይሰጥም» ብሎ አስጠንቅቆናል።

በዚያን ዕለት ንጋት ላይ አምስተኛውን ወረቀት ሳይከፍቱ በመንትዮቹ በር ሥር አስገብቼ እመለሳለሁ ብዬ በታክሲ ወጣሁ። ስመለስ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ቤት ስደርስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የቁምሳጥኑ እጀታ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ቁምሳጥኑ ግን እንደተቆለፈ ነው። በቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ የቢላዋ ጭረት አየሁ። ስልካቸው ትራሳቸው ላይ አለ፤ ካፖርታቸው የለም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

እህቴ ጋ ደወልኩ።

«መርፌውን ወግተሻቸዋል?»

«አዎ፣ እንደ ሁልጊዜው። ምነው? ቁርስ አላቀረብክም እንዴ?»

የወደቀውን እጀታ ከወለሉ አነሳሁ።

«ወንድምዬ፣ አባባ የት ናቸው?»

ወደ ጠባቧ በር ሮጥኩ። ሻጩ እስከ ክርኑ ዱቄት ለብሶ ወጣ።

«መጥተው ነበር፤ ሰዓት አይሞላም» አለኝ። «እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ‹ስኳር፣ ስኳር› ይላሉ።» ከዚያ በኩራት ወደ ግድግዳው አመለከተኝ። ወረቀቴ በአራት ማዕዘኑ በፕላስተር ተለጥፏል። «እኔን ለምኖ የሚያታልለኝ የለም፣ ዘመዴ! ባዶ እጃቸውን ነው የሸኘኋቸው።»

«ዳቦስ? ዳቦ እንኳ አልሰጠሃቸውም?»

«ገና ምድጃ ውስጥ ነበር። ምነው፣ ጥፋት ሠራሁ?»

ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ይህን ልነግረው ግን ጊዜ አልነበረኝም።

ሳቂታዋ ከሰውነቷ ግዝፈትና ከሳቋ ግዝፈት የትኛው እንደሚበልጥ አባቴ ዘወትር የሚከራከሩባት ሴት ናት። ከሦስት መብራት በኋላ ደረስኩባት። ደንበኞቿን ትታ ወደ እኔ መጣች።

«ዛሬ አባ ዱቄት እንደ ሰካራም ግድግዳ እየያዙ መጡ። ‹በጠዋቱ ምን ቀምሰው ነው?› ብዬ ቀለድኩባቸው፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ‹አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ብቻ፣ በጣት› አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ግን አንተ ‹ቢያለቅሱም› ብለህ ጽፈሃል።»

«አለቀሱ?»

ሳቂታዋ አልሳቀችም። በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

መስታወቱ ቤት ውስጥ ኬኮቹ በመብራት ሥር በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ቼሪያቸው ያብረቀርቃል፤ ክሬማቸው ገና አልተነካም። በልጅነቴ አባቴ ከረጢት ሲያራግፉ እኔ አፍንጫዬን በዚህ መስታወት ላይ አጣብቄ እጠብቃቸው ነበር። ዛሬ የመስታወቱ ውጭ ላይ፣ በሰው ፊት ከፍታ፣ ላብ ያረጠበው ትልቅ የእጅ አሻራ አየሁ። አምስቱም ጣቶች ወደ ታች ተንሸራተዋል።

ባለቤቲቱ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው በፈገግታ ተቀበሉኝ።

«እኛማ ከበር ነው የመለስናቸው! ደግሞ አንተ አምስት ቤት ብቻ ዞርክ፤ እኔ ፎቶውን ለማኅበራችን አባላት በሙሉ በስልክ ልኬልሃለሁ። በከተማው ሰማንያ ቤት ነን፤ አንዱም አይሸጥላቸው። ደስ ይበልህ፣ ልጄ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ የፈራሁት ስኳሩን ነበር። አሁን የገዛ ቃሌ ከአባቴ እየቀደመ፣ እሳቸው ከሚደርሱበት ደጃፍ ሁሉ ቀድሞ እየቆመ በሩን ይዘጋባቸዋል። ከተማው በሙሉ ስኳር ነው፤ ለእሳቸው ግን አንድ ቅንጣት የለም።

«እትዬ፣ ይለመኑኝ! አሁኑኑ ሌላ ይላኩ! ‹ስኳር ስጧቸው፤ ካልሰጣችኋቸው ይሞታሉ› ይበሉ!»

ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። በአንድ ጣት ፊደል በፊደል ሲጽፉ ቆሜ ጠበቅሁ። ወዲያው አንድ መልስ መጣ፦ «ማታ አትስጡ፣ ጠዋት ስጡ። የቱን እንመን?» ሌላው የሚስቅ ፊት ላከ። ሌሎቹ ዝም አሉ።

«እጃቸው ሊጥ ውስጥ ነው» አሉ ባለቤቲቱ። «እስከ ረፋድ ስልክ አያዩም።»

በብስኩት ቤቱ ደጃፍ ዘበኛውን አንድ እግር ጫማ በእጁ ይዞ አገኘሁት። ቡናማ፣ ተረከዙ ወደ ውጭ የተበላ። የአባቴ ነው።

«ወልቆባቸው አላወቁትም» አለኝ። «ጠራኋቸው፤ ዘወር ብለው አዩኝ፤ ግን የሚያዩኝ አይመስሉም ነበር። መንትዮቹ ገና አልከፈቱም። ወደ ድልድዩ ነው የሄዱት።»

ጫማውን ተቀብዬ ሮጥኩ። እናቴ ከሆስፒታል የተመለሰች ዕለት አንዱን ጫማዋን የት እንደምናኖረው ግራ ገብቶን፣ አባቴ በወረቀት ጠቅልለው አልጋቸው ሥር አስቀምጠውት ነበር። ይህን ለምን እንዳስታወስኩ አላውቅም። ጫማው በእጄ ውስጥ ከላባቸው ገና እርጥብ ነበር።

ድልድዩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሁሉም በብረቱ ላይ ተደፍተው ቁልቁል ያያሉ። እግሬ ቆመ።  ውኃው ላይ ቡናማ ነገር ሲገለበጥ፣ ሲሰጥም፣ ደግሞ ብቅ ሲል አየሁ፤ የካፖርታቸው ቀለም ነው። 

«ከረጢት ነው፣ ጋሼ» አለ አጠገቤ የነበረ ወጣት ፊቴን አይቶ። «ይኼን ያህል ሰው ለከረጢት ይሰበሰባል፤ ሥራ ፈት ሁላ!»

እሱም ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

አሮጌው ምድጃ ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ ቤት ነው። ባለቤቱ ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። በስልኩ ላይ የአባቴን ፎቶግራፍ፣ ከሥሩም የራሴን ቃል አየሁ። ሳልጠይቀው በአገጩ ወደ ጓዳ አመለከተኝ።

አባቴ በዱቄት ከረጢቶች ላይ ተጋድመዋል፤ የፊታቸው መልክ ከከረጢቶቹ አይለይም። አንድ እግራቸው ባዶ ነው። ከጎናቸው ድሮ አብሯቸው ጭነት ያራግፍ የነበረው ሽማግሌ ጋጋሪ ተንበርክኮ፣ በግራ እጁ ራሳቸውን ደግፎ፣ በቀኙ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ በማንኪያ ያጠጣቸዋል።

«ባለቤቱ ስልኩን ሊያሳየኝ መጣ» አለኝ ዓይኑን ሳያነሳ። «እዚያው አድርገው አልኩት። ሟች ባለቤቴ እንዲህ ስትሆን ነበር፤ ላቡ፣ የአፉ መተሳሰር፣ አንድ ነው። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ አፋቸው አይከፈትም ነበር። አንተ ማነህ?»

«ልጃቸው ነኝ።»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ።

በዚህ ጊዜ አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ቀስ በቀስ አወቁኝ። እንዳወቁኝም ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ አልነበረም። በቀኝ እጃቸው የጨበጡትን ቁራጭ ስኳር ወደ ካፖርታቸው ሥር ሸሸጉት። የከንፈራቸው ዳር በስኳር ቅንጣት ነጥቷል።

«አልበላሁም» አሉ በተሳሰረ አንደበት። «አልበላሁም፣ ልጄ። ውኃ ብቻ ነው። እሱን ጠይቀው።»

«አልበሉም» አለ ጋጋሪው ትኩር ብሎ እያየኝ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

ጫማውን መሬት አስቀምጬ ተንበረከክሁ። ማንኪያውን ከሽማግሌው እጅ ተቀብዬ ስኳሩ ካረፈበት ከብርጭቆው ሥር ቀዳሁና ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«ይጠጡ፣ አባባ።»

ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ዘጉ። ውኃው አገጫቸው ላይ ተንጠባጠበ።

«ግድ የለም፣ ይጠጡ። እኔ ነኝ የምሰጥዎ።»

አባቴ እኔን አላመኑም። መጀመሪያ ዘወር ብለው ጋጋሪውን አዩት። አፋቸውን የከፈቱት እሱ በዓይኑ እሺ ካላቸው በኋላ ነው።