ቆመሽ አንብቢለት

እኔ ስናደድ ፈጥኜ ነው የምጽፈው። የዚያን ቀን ጠዋት ደሜ ፈልቶ ስለነበር ዜናው ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ነገሩ ማታውን በማኅበራዊ ሚዲያ የተለጠፈ ጽሑፍ ነው፤ የመኪና ማሰልጠኛ አስተማሪ፣ ቁጥር ሰባት መኪና ውስጥ፣ ተማሪውን አስገድዶ ሊደፍር ሞከረ ይላል። የጻፈው ሰው ስሙን አልገለጸም። የአስተማሪው ፎቶ ግን ከነሪዙ አለ። ሕዝቡ ሁሉ ተቀባብሎታል፣ እኔም አምኛለሁ።

ዋና አዘጋጃችን አንብቦ እጁን አፋተገ። “የፊት ገጽ!” አለ።

የቀሩት እትዬ ብቻ ናቸው። እትዬ የጋዜጣችን አራሚ ሲሆኑ አንድ ደንብ አውጥተውብናል። ሰውን የሚከስ ዜና ከመታተሙ በፊት ጸሐፊው ራሱ ሄዶ፣ ተከሳሹ ፊት ቆሞ ያነብለታል። በስልክ አይሆንም።

“አንብበሽለታል?” አሉኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

“እትዬ ደግሞ! ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምን ይነበብለታል?”

“ጥሩ ሰው ነው አላልኩም እኮ። አላውቀውም ነው ያልኩት። አንቺ ታውቂዋለሽ?”

ወረቀቱን አንስቼ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ወጣሁ።

ሰውየውን ያገኘሁት ክፍል ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የመንገድ ምልክት ሲያስተምር ነው። ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠበቅሁና ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። “መኪናዋ ውስጥ” የሚለው ላይ ስደርስ ሰውየው ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። እኔም አየሁ። ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጄሶ ነው፤ ተማሪዎቹ “ቁም” የሚል ምልክት ሥለውበታል።

“ልጄ፣ እኔ መሪ ከጨበጥኩ ሁለት ወር አልፎኛል” አለኝ። “ይህን ግንድ ይዤ የት እገባለሁ?” ከዚያ ወደ በሩ ዞር አለ። “ዛሬ ጠዋት ሴት ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። የጓደኞቿን ዓይን ፈርታ።”

ክው አልኩ። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አየሁ፤ የአስተማሪዎቹ ፎቶ ተደርድሮ ከሥሩ የመኪናቸው ቁጥር ተጽፏል። እሱ እግሩ ተሰብሮ መኪናዋ ለሌላ አስተማሪ ስትሰጥ ሰሌዳውን የነካው የለም። በሰሌዳው ላይ ቁጥር ሰባት አሁንም የእሱ ናት።

ቢሮ ስመለስ ዋና አዘጋጁ ዘለለ። “እንግዲያው ‘የሐሰት ክስ’ በያ! ይኼም የፊት ገጽ ነው!”

እውነቱን ለመናገር እኔም በመንገዴ ላይ ግማሹን በሐሳቤ ጽፌው ነበር።

“ሰውየው እሱ ካልሆነ ልጅቷ ዋሸች ማለት ነው?” አሉ እትዬ። “እሷንስ ማን ጠየቃት?”

ስለዚህ ያወጣነው አጭር ዜና ነው። ፎቶው ላይ ያሉት አስተማሪ ሁለት ወር ሙሉ መኪና ውስጥ አልገቡም፤ ደረሰ የተባለውን ጥቃት ግን እያጣራን ነው። ከሥሩ የእኔ ስልክ ቁጥር። ዋና አዘጋጁ ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ።

በማግስቱ አንዲት ሴት ደወለች። “ተማሪዋ እኔ ነኝ፤ የለጠፈችው እህቴ ናት። ተናድዳ የቁጥር ሰባትን ፎቶ ከሰሌዳው ላይ አነሳችው፤ አሁን አጥፍታዋለች። እኔ ለፖሊስ ያመለከትኩት ሌላኛውን ነው። ለባለጄሶው ሰውዬ ሁለታችንም ይቅርታ ጠይቀን መምጣታችን ነው።”

ቢሮ መጥታ ማመልከቻዋን አሳየችኝ፤ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ውሃ እየሰጠኋት ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ለእሷም ቆሜ አነበብኩላት። “እያለቀሰች ከመኪናው አመለጠች” ብዬ በግምት የጨመርኩት ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

“ማን፣ እኔ? ኧረ አላመለጥኩም! እሱን ነው ከመኪናው ያወረድኩት!”

“እንዴት አድርገሽ?”

“ጎማው ተንፍሷል አልኩት። ሊያይ ሲወርድ በሩን ቆልፌ በሦስተኛ ማርሽ ከነፍኩ!” አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “መንጃ ፈቃድ ግን የለኝም። እሱን ባትጽፊውስ?”

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ የቀረውን ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣች። ከሰዓት በኋላ የማሰልጠኛውን ዘበኛ ጠየቅሁት። “አዎ፣ ብቻዋን ነድታ ስትመጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ” አለኝ።

የቀረው አሁን ቁጥር ሰባትን የያዘው አስተማሪ ነው። እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

“የዚያን ቀን አሞኝ ቤቴ ተኝቻለሁ” አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። “ልጅቷንም አላውቃትም።”

“እሺ፣ ይህንንም እጽፋለሁ” አልኩና ቆሜ አነበብኩለት። ጎማው ጋ ስደርስ አንገቱን ወዘወዘ። ቀጠልኩ፤ “ተማሪዋም በሦስተኛ ማርሽ...”

“የምን ሦስተኛ!” ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። “በአንደኛ ነው እስከ መታጠፊያው የሄደችው! ሞተሩ ሲጮህ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ...”

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

“አመሰግናለሁ፣ አስተካክለዋለሁ” አልኩት። “ሦስተኛ” የሚለውን ሰርዤ “አንደኛ” ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑም ማን እንደነገረኝ።