የአማቾች መንጋጋ

ጥርስ ሠሪዋ በሥራዋ አትታማም። ሐኪሞች የሚልኩላትን የአፍ ልክ በጀሶ ትቀዳለች፣ ጀሶውን ሰም ታለብሳለች፣ ሰሙን በጥርስ ትተካለች። ያ ጥርስ ባለቤቱ አፍ ውስጥ ሲገባ እዚያው የበቀለ ይመስላል። እሷን የቸገራት የሰው አፍ ሳይሆን የቤተሰቦቿ አፍ ነው።

አንደኛው አፍ የባሏ ነው። ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ሲሆን ሰፈሩ «ፈላስፋው» ይለዋል። ፈጣሪ የለም ብሎ ከደመደመ ወዲህ ይህንኑ ለአንድ ሰው ሳይነግር የዋለበት ቀን የለም። ሁለተኛው አፍ የታላቅ ወንድሟ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እሷም ልጇም ጎረቤቱም «ወንድም ጋሼ» ይሉታል። እሱ ደግሞ ሳይጸልይ የቧንቧ መፍቻ እንኳ አያነሳም። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ጥሎ እሷን ያሳደጋት እሱ ነው፤ ለእሷ ወንድምም አባትም ነው።

ሁለቱም ታስረው ያውቃሉ። ወንድም ጋሼ የታሰረው ፈጣሪ የለም ይል በነበረው መንግሥት ዘመን፣ ጓዳው ውስጥ ሰዎች ሰብስቦ ሲጸልይ ተገኝቶ ነው። ያ መንግሥት ወደቀና በፈጣሪ ስም የሚምል ሌላ መንግሥት ተተካ። ይኼኛው ደግሞ ፈላስፋውን ለተማሪዎቹ በተናገረው ነገር ወሰደው። እስር ቤቱ ያው የድሮው ነበር፤ በሩን ቀለም ቀቡት እንጂ አልቀየሩትም። ዛሬ ሁለቱም መንግሥታት የሉም፣ ሁለቱ አማቾች ግን ከዚያ የወጡት ጥርስ አጉድለው ነው።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ገበታ ላይ ማስቀመጥ እሳትና ጭድ ማስቀመጥ ነው። ወንድም ጋሼ ከላይ የሚያየው እንዳለ የማያምንን ሰው፣ ሰው ከመግደል ምን ያግደዋል ይላል። ፈላስፋው ደግሞ ከላይ ታዝዣለሁ የሚለውን ሰው ምን ያስቆመዋል ብሎ ይመልሳል። ከዚያ የዓለምን ሙታን እየተካፈሉ፣ ይኼ ያንተ ነው ያ የኔ አይደለም ሲባባሉ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ጥርስ ሠሪዋ ሳህኑን አንስታ ትሄዳለች፤ እነሱ ሳህኑ መነሳቱንም አያዩም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንደ ጨዋታ ይቆጠር ነበር፣ የልጃቸው ሠርግ እስኪቃረብ ድረስ። ሙሽራዋ እጇን ይዞ የሚያስገባት አጎቷ እንዲሆን ፈለገች። ፈላስፋውም አልከፋውም ነበር፤ ብቻ አፉ አላስቀምጥ አለውና ወንድም ጋሼ እያስገባት እንዳይጸልይባት የምትል አንዲት ቀልድ ጣል አደረገ። ከቀልድ ወደ ነገር፣ ከነገር ወደ ጥርስ ተሻገሩ። «የኔን ጥርስ የሰበረው ያንተ አምላክ ነው» አለ ፈላስፋው። ወንድም ጋሼ ተነሳ። የእሱን የሰበረው የፈላስፋው ባዶ ሰማይ መሆኑን ተናገረና ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቤት ደጅ እንደማይረግጥ፣ ሠርጉም ላይ እንደማይገኝ አስታውቆ ወጣ።

ያሳደጋት ሰው በሌለበት ልጇን መዳር ለጥርስ ሠሪዋ ሠርግ አይደለም። ለምና ለምና አልሆነላትም፤ ወንድሟ አንዴ እንቢ ካለ የዛገ ቧንቧ ነው። ስለዚህ የምታውቀውን አንድ ነገር አደረገች። ለሠርጉ ቀን ለሁለቱም ጥርስ ልትሠራላቸው ተነሳች። ወንድም ጋሼም የተጣላው ከቤቱ እንጂ ከሥራ ቤቷ እንዳልሆነ ተናግሮ አፉን ከፈተላት።

የጥርስ ሠሪዋ ልማድ፣ የጀሶው ሥር ላይ የባለቤቱን ስም በሚስማር መጫር ነው። ለእነዚህ ሁለቱ ግን አልጫረችም። የባሏንና የወንድሟን አፍ ልታምታታ ነው እንዴ?

አምታታች።

ሐሙስ ጠዋት ወንድም ጋሼ መጥቶ ጥርሱን ሞከረ። ፊቱ ጭምድድ አለ። ሊናገር ፈልጎ ከአፉ የወጣው ፉጨት ብቻ ነው። እሱ አፉን ሲያሻሽ በሩ ተከፈተና ፈላስፋው ገባ፤ ጠዋት ቤት የሰጠችውን ጥርስ አድርጎ ጉንጩን በመሐረብ ደግፏል። ሁለቱ ተያዩ። ሊሰዳደቡ ፈለጉ፣ ግን ምላስ ከየት ይምጣ? አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ይንተባተባል። ጥርስ ሠሪዋ ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ከዚያ ጥርሳቸውን እንዳምታታች ገባትና ሳቋ ቆመ።

ሁለቱንም ጥርስ አስወለቀቻቸው፣ አጠበች፣ አቀያየረች። ልክክ አለ። ወንድም ጋሼ እስካሁን በማን ጥርስ ሲያፏጭ እንደነበረ ሲገባው ሄዶ ሦስቴ ተጉመጠመጠ።

እሷ ግን ዓይኗ ጀሶዎቹ ላይ ቀረ። የተሳሳተችው ወዳ አይደለም፤ ክፍተቱ አንድ ነው። በሁለቱም አፍ የጎደለው ከላይ በቀኝ በኩል ነው። እጇ ላይ ያለፉት ተደብድበው የመጡ አፎች ደግሞ አብዛኞቹ የጎደሉት በግራ ነው፣ የሚመታ ሰው በብዛት በቀኙ ስለሚመታ።

«እስር ቤት የመታችሁ ሰው፣ በየትኛው እጁ ነበር?» አለች።

ወንድም ጋሼ ግራ እጁን ከፍ አደረገ። ፈላስፋው የተነሳውን እጅ አየና እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

አጭር ሰው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ ፈላስፋው። አጭር ነበር። ድምፁስ? ቀጭን፣ የሚለማመጥ የሚመስል ድምፅ ነበረው። ከዚህ በኋላ ወንድም ጋሼ የጀሶ ዱቄት ከጠረጴዛው ላይ በጣቱ ጠረገ።

«ሰዓቱን ይፈታ ነበር» አለ በመጨረሻ።

የፈላስፋው ፊት አመድ መሰለ። «ያስይዝህ ነበር?»

«ያዝልኝ ይለኝ ነበር። ከዚያ ይጀምራል።»

«አልጣልከውም?»

«አልጣልኩትም። በሁለት እጄ ነበር የምይዘው። እየመታኝ፣ ሰዓቱ እንዳይወድቅበት እጠነቀቅ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«እኔ ደግሞ በሸሚዜ ጠርጌ ነበር የምመልስለት» አለ ፈላስፋው። «ደሜ ይነካው ነበር።»

ጥርስ ሠሪዋ ከዚህ ሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ ዕድሜዋን ፈጅታለች፤ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ፈጣሪ ሲጨቃጨቁ የኖሩት ይቺን ሰዓት ላለማንሳት ኖሯል።

ደግነቱ ሁለቱም ዝም ብሎ መቆየት አይችሉበትም። ወንድም ጋሼ ሰውየው ፈጣሪህ የታለ እያለ ይሳለቅበት እንደነበር ተናገረ። ፈላስፋው ደግሞ ያው ሰውዬ የጸሎት ሰዓት ደረሰ ብሎ ድብደባውን አቋርጦ እየወጣ፣ ጸልዮ ይመለስ እንደነበር ነገረው። ታዲያ የማን ወገን ነው? ፈላስፋው ድሮም ተደብቆ የሚያምን ነበር አለ፤ ወንድም ጋሼ እስከ መጨረሻው ከሃዲ ነው፣ ጸሎቱ ለይምሰል ነው አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰውየው ከልቡ የሚሳሳለት ነገር ቢኖር ሰዓቱ ነበር። እነሱ ግን እዚያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እስከ ምሳ ተከራከሩ፣ እሷም አላቋረጠቻቸውም።

በሠርጉ ቀን ወንድም ጋሼ ሙሽራዋን እጇን ይዞ አስገባ። ከንፈሩ ቢንቀሳቀስም ፈላስፋው እንዳላየ ሆኖ አለፈ። ከምሳ በፊት ሁለቱ አማቾች ከአዳራሹ ጀርባ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ቧንቧው ያንጠባጥባል። ወንድም ጋሼ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አይቶ ማለፍ አይችልም፤ እጅጌውን ሰበሰበ፣ የእጅ ሰዓቱን ፈታና ጎኑ ወዳለው ሰው ዘረጋ።

«ያዝልኝ» አለ።

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ፈላስፋው ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ ሰዓቱን ተቀበለ፣ በሁለት እጁ ያዘው። ትንሽ አየው። ከዚያ ሁለቱንም እጁን ከፈተ።

ሰዓቱ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ።

ወንድም ጋሼ ጎንበስ ብሎ አነሳው። ጆሮው ላይ አደረገው፤ አሁንም ይሠራል። «ቆይ» አለ፣ «እኔም አንዴ ልጣለው።»

ጣለው። ከዚያ ፈላስፋው አንስቶ ደግሞ ጣለው። የት ጠፉ ብላ የመጣችው ጥርስ ሠሪ በሩ ላይ ቆመች። ሁለት ሽማግሌዎች የደቀቀ ሰዓት መሐላቸው አስቀምጠው፣ እንባቸው እየወረደ፣ አፋቸውን እስከ መንጋጋቸው ከፍተው ይስቃሉ። እሷም እንደ ልማዷ መጀመሪያ ያየችው ጥርሳቸውን ነው፤ በቀኝ በኩል ምንም አልጎደለም።