ጋቢ የለበሰው ስጦታ

ከእንጦጦ ግርጌ ያለችው የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ከታሸገች አራት ዓመት ሆኗታል። ቀበሌው የኅብረት ሱቅ መጋዘን ስላደረጋት መድረኳ ላይ የስኳር ጆንያ ተደርድሯል። ቁልፉ ከሊቀመንበሩ ከጓድ ወንድይራድ ቀበቶ ላይ አይጠፋም። የመዘምራኑ መሪ የነበረችው ዘውድነሽ ከመንግሥት የምትፈልገው ያንን ቁልፍ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወንድይራድ ራሱ ቤቷ መጣ።

«እትዬ ዘውድነሽ፣ ከአንድ የእስያ ወዳጅ አገር የቡድሃ መነኮሳት ይመጣሉ። እዚህ ሃይማኖት ነጻ መሆኑን ማየት ይፈልጋሉ።»

«እኔም ማየት እፈልጋለሁ» አለችው።

«ሐሙስ አርባ ሰው ይዘው ይምጡ። ዝማሬ የለም፣ ስብከት የለም። መቀመጥ ብቻ።»

«ስም ይመዘገባል?»

«አይመዘገብም። የምትቀመጡት ለውጭ ጉዳይ ነው።»

ሐሙስ ስኳሩ ወጥቶ አግዳሚ ወንበሮቹ ተመለሱ። ብርቱካንማ ልብስ የለበሱ ሦስት መነኮሳት ገቡ። ትልቁ መነኩሴ ክንድ የማትሞላ የነሐስ ቡድሃ በስጦታ መድረኩ ላይ አስቀመጡና፣ በአገራቸው ወዳጅነት የሚጀመረው በዝምታ መሆኑን በአስተርጓሚ ተናገሩ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ።

ወንድይራድ ብቻ አልጨፈነም። የአርባ ሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል። ወደ ማን እንደሚጸልዩም አልጠፋውም። ግን ከውጭ ጉዳይ የመጣው ሰውዬም ጨፍኗል። ማን ደፍሮ ያቋርጥ? ሃያ ደቂቃ ሙሉ ላብ አጠመቀው።

በሁለተኛው ሳምንት ከውጭ ጉዳይ ደብዳቤ መጣ። የወዳጅነቱ ዝምታ በየወሩ እንዲቀጥል፣ ሐውልቱም ከመድረኩ እንዳይነሳ ያዛል። ወንድይራድ ደብዳቤውንና ቁልፉን ይዞ ወደ ዘውድነሽ ሄደ።

«የወዳጅነት ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሰብሳቢዋ እርስዎ ሆነዋል። እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ዘውድነሽ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ስለ ጣዖት ያስተማረችው እሷ ናት።

«ካልፈረምኩስ?»

«ስኳሩ ይመለሳል።»

ፈረመች።

በወሩ ወንድይራድ ለቁጥጥር መጣ። ሐውልቱ ከቦታው አልተነሳም። ከአናቱ እስከ እግሩ ግን በወፍራም ጋቢ ተጠቅልሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንግዳ አይደል? የእንጦጦን ብርድ አልለመደም።»

ወንድይራድ ጋቢውን ሊገልጥ እጁን ሰነዘረና መለሰው። ቢገልጠው ለምን እንደተሸፈነ ለበላይ መጻፍ ሊኖርበት ነው። በማስታወሻው ላይ «ሐውልቱ በሰፊው ሕዝብ እንክብካቤ ሥር ይገኛል» ብሎ ጽፎ ወጣ።

ማታ ዘውድነሽ በሩን ልትቆልፍ ስትል የጋቢው ጫፍ ተንሸራቶ የቡድሃው ትከሻ ታየ። በቤቱ ማንም የለም። ተመልሳ ሸፈነችው። ጣዖትነቱን ለመደበቅ ይሁን ከብርድ ልትከልለው፣ ለጌታ አላብራራችም።