የቀኝ በሩ ጭረት

ባለቤቴ ካረፈች አራት ወር ሆኗት ነበር፣ መኪናችንን የቀለም መከላከያ ላስቀባ ልጄ ዘንድ ስወስዳት። ልጄ መኪና አጥቦ፣ ፖሊሽ አድርጎ አዲስ የሚያስመስል፣ እጁ የተመሰገነ ሠራተኛ ነው። ዛሬ ቁመቱ እንደ መብራት እንጨት ቢመዘዝም እናቱ በሕፃንነቱ ያወጣችለት «ድምቡሼ» የሚለው ስም አልለቀቀውም።

ለምን ላስቀባት እንደፈለግሁ ለእናንተ ልንገራችሁ። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ባለቤቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያች መኪና ስትሳፈር፣ በቀኙ የፊት በር ነበር የምትገባው። እጇን ወደ እጀታው ስትሰድ የጋብቻ ቀለበቷ ከእጀታው ሥር ያለውን ቀለም ይነካዋል። ዛሬ አንድ ጭረት፣ ነገ ሌላ። ሲጠራቀም፣ ሲደራረብ፣ ጣት የምታህል ቦታ ላይ እንደ ጨረቃ ግማሽ ክብ ሠራ። ስትታመም ደግሞ ጣቷ ከስቶ ቀለበቱ አልጸና አለ። ክር ጠቀለለችበት፤ እንዲያም ሆኖ ይዞርባት ነበር። ሐኪም ቤት ስንመላለስ የተጫሩት ከሌሎቹ ረዘም ይላሉ። እኔ ለይቼ አውቃቸዋለሁ።

ልብሷን እህቶቿ ተካፍለው ወሰዱት። ቀለበቱ አብሯት ሄደ። ለእኔ የቀረችኝ ያቺ ቦታ ናት። ጠዋት ከቤት ስወጣ በዚያ በኩል ዞር ብዬ ዳበስ ሳላደርጋት አልሄድም። ታዲያ በቅርቡ ዳር ዳሯ መላላጥ ጀመረ። ፀሐይ አለ፣ ዝናብ አለ፤ ዓይኔ እያየ ልትጠፋብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ጭረት እወዳለሁ ብዬ ለልጄ መናገር አፈርኩ።

ድምቡሼ የሥራ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዕቃ ደረደረልኝ።

«ይሄ ሰም ነው» አለ ክቡን ቆርቆሮ እያሳየኝ። «ያምራል፣ ግን ሁለት ሦስት ወር ነው። ይሄ ፈሳሹ ዓመት ይጠጋል። ይቺ ትንሿ ጠርሙስ ደግሞ ሴራሚክ ናት፤ ስትደርቅ እንደ መስታወት ትጠነክራለች። ከተጠነቀቅክላት አምስት ዓመትም ትሄዳለች።»

«ከሁሉም የምትቆየዋን።»

«አባባ፣ ይቺ መኪና አምስት ዓመት የምትኖር ይመስልሃል?»

«የእኔን አትጠይቅ እንጂ፣ የእሷስ ግድ የለም።»

«አንተንማ በተረፈው እቀባሃለሁ። አናትህ ላይ ፀጉር ስለሌለ ጥሩ አድርጎ ይይዛል።»

ሳቅን። ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

«ከሥሩ ያለውን ነገር አያስነካም?» አልኩት።

«ምንም አያልፍበትም። ከሥሩ ያለው እዚያው ታሽጎ ይቀራል።»

ይህን ስሰማ ልቤ ረጋ። እሱ ማውራቱን አልጨረሰም ነበር፤ መጀመሪያ ትታጠባለች፣ ቅባቱ ይወጣል፣ ከዚያ በማሽን እንዲህ ይደረጋል እያለ ይዘረዝራል። እኔ ግን የፈለግሁትን ካገኘሁ ወዲያ ሌላው ጆሮዬ አልገባም። ቁልፉን ሰጥቼው «በደንብ አድርገህ ሥራት» ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ከሰዓት ተመለስኩ። ወለሉ ገና እርጥብ ነው፤ ከጣሪያው የተንጠለጠሉት መብራቶች በሙሉ በርተዋል። ድምቡሼ የክብሪት ሣጥን በምታህል ስፖንጅ የሞተሩን ክዳን ጥግ ይቀባል። የተቀባው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ብቅ እስኪል ይጠብቅና በለስላሳ ጨርቅ ያነሳዋል። ጥቁር ሰማያዊዋ መኪናችን ከፋብሪካ የወጣች ዕለት እንኳ እንዲህ አላማረችም።

ወደ ቀኝ ዞርኩ። ጎንበስ አልኩ። መነጽሬን አውልቄ ወለወልኩና መልሼ አደረግሁት።

ምንም የለም። የራሴን ፊት ብቻ አየሁ።

«አየሃት?» አለኝ ከኋላዬ። ድምፁ ደስ ብሎታል። «ቀሪውን ጭረት በማሽን ነው ያጠፋሁት። እጀታው ሥር ግን ማሽን አይገባም። እሷን በጣቴ ነው የፈተግኋት፤ ሁለት ሰዓት ፈጀችብኝ።»

«ለማንም እኮ አትታይም ነበር» አልኩ።

«የእማዬ አደራ ነው።»

«ምን ብላ?»

ጨርቁን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው። «አልጋ ላይ ከመዋሏ በፊት ነው። ‹አባትህ ስለዚህ ጭረት ስንት ዘመን ተናገረኝ። ጊዜ ስታገኝ አጥፋልኝ፣ እኔ ስሄድ ባየው ቁጥር እንዳይበሳጭብኝ› አለችኝ። እኔም ዛሬ ነገ ስል ቀደመችኝ።»

እውነት ነው፣ እናገር ነበር። «ሴትዮ፣ ቀለበትሽን ወደ ውስጥ አዙሪው እንጂ! መኪናዋ ምን አደረገችሽ?» እላታለሁ። መኪናዋ አዲስ ሳለች ከልቤ ነበር። በኋላ ግን የጨዋታ ሆነ፤ የልማድ። እሷም «እሺ ጌታው» ብላ ትስቃለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ? ሁለቱም ደርሶብኛል።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሩን ራሷ መክፈት ትታ ነበር። እጇን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ እኔ ዞሬ እስክከፍትላት ቆማ ትጠብቀኛለች። አቅም አጥታ ነበር የመሰለኝ።

«ምነው አባባ፣ አላማረህም?»

አየሁት። በቀብሯ ዕለት ሰው ሲያስተናግድ የዋለ፣ እንባውን ያላየንበት ልጅ ነው። አሁን ዓይን ዓይኔን እያየ መልሴን ይጠብቃል። እውነቱን ብነግረው፣ ለእናቱ ያደረሳትን ያቺን አንዲት ነገር ልነጥቀው ነው።

«አምሮኛል» አልኩት። «አደራዋን ተወጥተሃል። እጅህ ይባረክ።»

ያን ጊዜ አለቀሰ። እንደዚያ ረጅም ሆኖ፣ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬ ላይ። ጀርባውን እየደባበስኩ እኔ ዓይኔን ከበሩ መንቀል አቃተኝ። እጄ ሳላዘው ወደ እጀታው ተዘረጋ። ድምቡሼ ቀና ብሎ ቀስ አድርጎ የእጄን አንጓ ያዘኝ።

«እስከ ነገ አይነካም አባባ። ገና አልጠነከረም።»

እጄን ሰበሰብኩ።

አፍንጫውን በክንዱ ጠረገና «ግን የእውነትህን ትቆጣት ነበር?» አለኝ።

«ኧረ እኔ! ለጨዋታ ነበር እንጂ።»

«እሷ ግን አታውቅም ነበር» አለ። ሊወቅሰኝ ብሎ አይደለም፤ እንዲያው አለው። ከዚያ መብራቶቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ፤ እኔም ጎማ ሲያጥብ የሚቀመጥባትን ዱካ ስቤ፣ የሥራ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ከመኪናዋ ቀኝ በር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።