የግራዋ ቁልፍ

ገረመው ዞርኪ ካሜራውን እንደ ልጁ ነው የሚሳሳላት። ፊልም ባጎረሳት ቁጥር የቀኟን ቁልፍ እያዞረ የግራዋ አብራ መዞሯን ያያል፤ የግራዋ ካልዞረች ፊልሙ አልያዘም ማለት ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሳያይ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

አጣደፉታ! ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉት ልጆች በወታደር መኪና ሊሳፈሩ ነው። ጎረቤቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ክንዱን ጨምድደው ያዙት። «ገረመው፣ የተካልኝን አንድ ፎቶ! ከሱ ሌላ ማን አለኝ?»

ተካልኝ መኪናው ሥር ቆሞ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ገረመው አነሳው።

«ይስቃል ደግሞ!» አሉ እናቱ፣ ፊታቸውን አዙረው። መኪናው ወጣ።

ገረመው ፊልሙን ሊያሳልፍ ቢያዞር የግራዋ ቁልፍ ንቅንቅ አላለችም። ክው አለ።

«አነሳኸው አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ» አለ፣ አፉ ቀድሞት። ወይ ውሸት!

መኪኖቹ የሌላ ቀበሌ ልጆች እስኪመጡ መገናኛ እንደሚጠብቁ ሰምቷል። ውይይት ታክሲ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ኮቱ ሥር ካሜራዋን ከፍቶ ፊልሙን እንደገና አጎረሳት። አሁን የግራዋ ዞረች። «ሹፌር፣ ንዳው እንጂ፣ በእመቤቴ!»

መገናኛ ሲደርስ የመኪኖቹ ሞተር ተነስቷል። የወታደር መኪና ላይ ካሜራ መደገን በዚያ ዘመን እንደሚያሳስር ያውቃል፤ ግን ደገነ። ሌንሱ ገና ስላልተስተካከለ በካሜራዋ መስኮት ሁለት ተካልኝ ታዩት። ሌንሱን ሲያዞረው ሁለቱ ገጥመው አንድ ሆኑ፤ ያ አንዱ ልጅ ግን እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

«ተካልኝ! ያኛው አልወጣም! ለእናትህ ሳቅ!»

ልጁ ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ገረመው የካሜራዋን ማንሻ ተጫነ።

ፎቶውን አጥቦ ለወይዘሮ ደብሪቱ ወሰደላቸው። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የሳቀበት ተበላሽቶብኝ ነው።»

ደብሪቱ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ የልጁን ጉንጭ፣ ወረቀቱን፣ ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«ደስ ብሎት የሄደ መስሎኝ» አሉ፣ «ተቀይሜው ነበር እኮ።»