የአፍንጫው ምስክርነት

«ውሸታም! ኮትህ እየመሰከረብህ ትክዳለህ?»

«እንግዲያው ኮቴን ክሰሺው፤ እኔ ክፍሌ ውስጥ አላጨስኩም» አለ ሹፌሩ። «እህቴ፣ የሚያጨሰው ረዳቴ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ጋቢና ውስጥ ነን። ሲጋራው የሱ፣ ሽታው የጋራ።»

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ፈገግታዋን በእጇ ሸፈነች። እናትየው ግን ለሳቅ የሚሆን ልብ አልነበራትም። ትከሻዋ ላይ የተለጠፈችው ልጇ አየር በሳበች ቁጥር ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይላል። ለአስሟ የተሻለ ሐኪም አለ ተብሎ ነው ከሩቅ ይዘዋት የመጡት። ቀጠሮዋ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ታዲያ ፊቷን ልትታጠብ መታጠቢያ ቤት ገብታ በጭስ ታፍና ወጣች። እናትየው የጎረቤቱን ክፍል በር ደበደበች፤ ሹፌሩ ከፈተ፤ ኮቱ ሸተተ። ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። እየጎተተች ነው ማለት ይቻላል፣ እስከ እንግዳ መቀበያው ያወረደችው።

ጭቅጭቁ እንደጋለ፣ አብረዋቸው የመጡት የእናትየው አጎት ደረጃውን ወርደው መጡ።

አጎትየው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው። ተማሪዎቻቸው «አፍንጫው» ይሏቸው ነበር። በእረፍት ሰዓት ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ የተመለሰ ጎረምሳ ሁሉ ፊታቸው ቆሞ ጣቶቹን ይዘረጋል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ፤ ፍርዱም በዚያው ያልቃል። ይህ በዘመድ አዝማድ ዘንድ ወግ ሆኖ ሲያስቅ ኖሯል። ወጉ ውስጥ የማይነገረው፣ ከፍርዱ በኋላ እሳቸውም ቢሯቸውን ቆልፈው በመስኮት በኩል አንድ ይለኩሱ እንደነበር ነው። የልጅቷ ሕመም ሲታወቅ ግን በእናቷ ፊት ፓኮውን ጨፍልቀው ጣሉ። «ከእንግዲህ አጨስኩ ማለት ይቺን ልጅ በእጄ አነቅኋት ማለት ነው» አሉ። ሲሉት የምራቸውን ነበር።

ዛሬ ጠዋት፣ ከእህታቸው ልጅ ክፍል ልክ ሥር ባለው ክፍላቸው፣ ፎጣ አርጥበው የበሩን ሥር ደፈኑ። መታጠቢያ ቤት ገብተው የአየር ማውጫውን አስነሱ፤ የመጸዳጃው መቀመጫ ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ወደ ፍርግርጉ አስጠግተው ጭሱን ለቀቁት። ዘዴውን የተማሩት ከቀጧቸው ልጆች ነው። ጭሱ ሽቅብ ወጥቶ ሰማይ የሚገባ መስሏቸው ነበር። ከራሳቸው በላይ ያለው ሰማይ ሳይሆን ልጅቷ መሆኗ የገባቸው አሁን፣ ያ ሲጥታ ጆሯቸው ሲደርስ ነው።

«እሰይ፣ መጡልኝ! ጋሼ፣ ኑ እስቲ የዚህን ሰው ጣት ያሽትቱልኝ» አለች የእህታቸው ልጅ። ወደ እንግዳ ተቀባይዋም ዞራ፣ «አጎቴ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዲሬክተር ነበሩ። ለሲጋራ አፍንጫቸው ስቶ አያውቅም» አለቻት።

«ተይ እንጂ ልጄ፤ እዚህ ትምህርት ቤት ነው እንዴ?»

ሹፌሩ ግን እጁን ዘረጋ። «ግድ የለም አባባ፣ ያሽትቱኝ። ናፍጣ ከሸተተዎ ብቻ እንዳይፈርዱብኝ፤ ሥራዬ ነው።»

ያን ሻካራ እጅ ይዘው ጎንበስ አሉ። ናፍጣ። የሆቴሉ ሳሙና። ብርቱካን ልጦ ነበር መሰል፣ የብርቱካን ልጣጭ። ሌላ ምንም የለም። ሲጋራው የሸተታቸው ከሌላ በኩል ነው፤ የሰውየውን እጅ ከያዙት ከገዛ ጣቶቻቸው። ቀና ሲሉ ሹፌሩ በትኩረት እያያቸው ነበር።

«እህስ፣ ጋሼ?»

«አይሸትም» ማለት ቀላል ነው። ችግሩ «ታዲያ ማነው?» የሚለው ተከትሎት መምጣቱ ነው።

«እ… ትንሽ… ትንሽ አለው» አሉ።

«ይኸው!» አለች የእህታቸው ልጅ።

ሹፌሩ እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። «እሺ አባባ። እግዜር ያያል» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እንግዲህ ደንቡ ያው ነው ወንድሜ» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። «ያጨሰ ክፍሉን ይለቃል።»

«እለቃለሁ። ጭነት የሚጠብቀኝ ሰው ነኝ፤ ከእናንተ ጋር ስከራከር አልውልም።» ሻንጣውን ሊያመጣ ወደ ላይ ወጣ።

«እርስዎ ባይኖሩ ዓይኔ እያየ ክዶኝ ነበር» አለች የእህታቸው ልጅ፣ ልጅቷን እያሳቀፈቻቸው። «በሉ ያዙልኝ፤ ክፍሉን ላናፍስና እስከ ቀጠሮዋ ትንሽ ላስተኛት።»

ልጅቷ እንደ ልማዷ ጉንጯን ወደ እጃቸው አስጠጋች። ወዲያው ፊቷን አዞረችና ማሳል ጀመረች።

«ወደዚያ ክፍል አትውሰጃት» አሉ።

«ለምን? ሊለቅ እኮ ነው።»

«እሱ አይደለም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ነኝ። በአየር ማውጫው… የሚወጣ መስሎኝ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እጃቸውን ወስዳ አሸተተች። እሳቸው፣ ስንቱን ጎረምሳ መሬት መሬት ያሳዩት ሰው፣ የጫማቸውን ጫፍ አዩ።

የጮኸችባቸው ቢሆን ይቀላቸው ነበር። «ውሸታም አልኩት እኮ» ብቻ አለች። «በሰው ፊት፣ ውሸታም!»

«አሁኑኑ ለእንግዳ ተቀባይዋ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለው?» ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ሰረቅ አድርጋ አየች። «ዲሬክተሩ አጎቴ አጭሰው በሰው አላከኩ ብለው? እኔስ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ? ይተዉት ጋሼ። ደጅ የወጣ ገመና ተመልሶ አይገባም። ዝም ይበሉ።»

ዝም ይበሉ መባላቸው ልባቸውን ቀለል አደረገላቸው። መቅለሉ ደግሞ ከሠሩት ሁሉ ይልቅ አሳፈራቸው።

ልጇን ተቀብላቸው ወደ ጠረጴዛው ሄደች። «እህቴ፣ ክፍል ብትቀይሪልን?» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ሽታው እስኪለቅ… ለልጅቷ ብዬ ነው።»

«ምን ችግር አለው! መስኮቱ ሰፊ የሆነ ይሻላችሁ ይሆን?»

ሹፌሩ ሻንጣውን ይዞ ወረደና ቁልፉን የጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረ። እናትየው ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጫማ ማሰር ጀመረች፤ ጫማው ግን አልተፈታም ነበር። ዲሬክተሩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሳት አደጋ መመሪያ አፍጥጠው አነበቡ። በሩ ተከፈተ፤ የመንገዱ ጫጫታ ገባ፤ ተመልሶ ተዘጋ።

«ይሄኛው ፀሐይም ይገባዋል» አለች እንግዳ ተቀባይዋ፣ አዲሱን ቁልፍ እያቀበለቻት።