ከኋላ የሚመጣ የለም

የገዛ ወንድሙ በረሃ ላይ ያለ ውሃ ጥሎት የሄደ ሰው ምን ያድርግ ትላላችሁ? «የቤት ገመና ነው» ብሎ ይዋጠው? ብዙዎቻችሁ አዎ እንደምትሉ አውቃለሁ። ገመና የሚሉት መጋረጃ ግን ለበዳይ እንጂ ለተበዳይ ተሰፍቶ አያውቅም።

የምነግራችሁ ልብስ ሰፊ የተራራ ተጓዦችን ማኅበር የተቀላቀለችው በታላቅ ወንድሟ ጉትጎታ ነው። እሱ መኪና መንዳት ያስተምራል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ስለሆነ፣ ጋሼ እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ያን ቀን በረሃ ውስጥ ወዳለው ተራራ ለመሄድ ጎህ ሳይቀድ ሲወጡ እናታቸው በር ላይ ቆመው፣ «ልጄን አደራ» አሉት። አደራ ከምድር ይከብዳል። ጋሼ ግን በጀርባውም ቢሆን እንደሚያወጣት ነግሯቸው ሳቀ።

የማኅበሩ ሕግ አጭር ነው። መሪው ከፊት ይሄዳል። ከሁሉም ኋላ የሚሄደው «ጅራት» ይባላል፤ ጅራት ማንንም ቀድሞ አያልፍም። የደከመ ሰው ካለ ጅራት አብሮት ሾፌሩ ወደሚጠብቅበት መኪና ይመለሳል፤ የተራራው ጫፍም ይቀርበታል። ጋሼ ሁለት ጊዜ ጅራት ሆኖ ሁለቱንም ጊዜ የደከመ ሰው ይዞ ተመልሷል። ጓደኞቹ ተራራው ጠልቶሃል እያሉ ሲያሾፉበት አብሯቸው ይስቅ ነበር። ሳቁ ከአንገት በላይ እንደነበር ማን ልብ አለ? ያን ቀንም ጅራት እሱ ነበር።

የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ጨርሰው ድንጋዩን መውጣት ሲጀምሩ የልብስ ሰፊዋ ጫማ ሶሉ ተላቀቀ። ውሃዋን ጋሼ ገና ከታች «ቀለል ብለሽ ውጪ» ብሎ በራሱ ቦርሳ ይዞላታል። አሁንም አንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር አስቀመጣትና፣ «እሰሪው፤ መንገዱን አይቼ መጣሁ» አላት። ከሻሿ በቀደደችው ጨርቅ ሶሉን ስታስር የመሪው ድምፅ ከላይ ተሰማ። በረሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል።

«ጅራት! ከኋላህ ሰው አለ?»

«የለም! ውጡ!»

የጋሼ ድምፅ ነበር።

መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ይመጣል ብላ ጠበቀች። ጥላው ሸሽቶ ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ ስትወጣ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ ነበር። ወደ ታች አሸዋ ለአሸዋ ነው፤ ብቻዋን ብትመለስ መንገዱ ይጠፋባታል። ወደ ላይ ግን ሰው አለ፣ ውሃ አለ። የጋለውን ድንጋይ በመዳፏ እየቧጠጠች ወጣች። ይሄው ሰው በልጅነቷ ጫማዋን አስሮላት፣ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ታያት። ማልቀስ አማራት፤ እንባም ውሃ ይፈልጋል።

ጫፉ ላይ ስትደርስ ተጓዦቹ ብርቱካን እየላጡ ይሳሳቃሉ። ጋሼ ከሁሉም ከፍ ያለው ድንጋይ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። መሪው ሲያያት የያዘው ብርቱካን ከእጁ ወደቀ።

«ወንድምሽ ገና ከወንዙ ሾፌሩ መጥቶ ወሰዳት ብሎን ነበር እኮ» አለ።

ጋሼ ዘሎ ወረደ። «ይኸው! የእኔ እህት ብረት ናት አላልኳችሁም?» እያለ የራሷን ውሃ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም፤ ከመሪው ተቀብላ ጠጣች። ጋሼ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ ያንሾካሹክ ጀመር። ለሦስተኛ ጊዜ ጫፉ እንዳይቀርበት ብሎ እንደሆነ፣ ፎቶ ተነስቶ ወዲያው ሊመለስላት እንደነበር፣ የቤት ነገር ቤት ውስጥ እንደሚያልቅ ነገራት። እማዬ እንዳትሰማ ብሎም ለመናት።

ለፎቶ! እናት የሰጡት አደራ የተበላው ለአንድ ፎቶ ነው።

ከተጓዦቹ አንዷ ነርስ የልብስ ሰፊዋን ትከሻ ይዛ፣ «ተይው በቃ እህቴ፣ ወንድምሽ አይደል?» አለቻት። የሽማግሌ ጥድፊያ መቼም የትም አይጠፋም፤ የተበዳይ ጉሮሮ ገና ሳይርስ ይቅር በይ ይላል።

ልብስ ሰፊዋ የነርሷን እጅ ከትከሻዋ ቀስ ብላ አወረደች።

«ጋሼ፣ በጆሮዬ ያልከኝን ተወው» አለች። «ሾፌሩ መጥቶ ሲወስደኝ የት ቆመህ አየኸኝ? ለእኔ አይደለም፣ ለእነሱ ንገራቸው። ጮክ ብለህ።»